ሳይቃጠል በቅጠል፦ ሥርዓት ያለው የቀን ውሎ ኦቲዝምና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ወገኖች

የመብራት መጥፋት፣ የእንግዳ መምጣት ወይም የትምህርት ቤት መዘጋት ለአብዛኛው ቤተሰብ የተለመደ ነገር ነው። ኦቲዝም ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለበት ልጅ ግን እንዲህ ያለው ያልታሰበ ለውጥ የዕለቱን ሰላም የሚያናጋ ክሥተት ሊሆን ይችላል። ልጁ ይጮኻል፣ ራሱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል፣ እጁን ይነክሳል፣ ዕቃ ይሰብራል ወይም ከቤት ሮጦ ይወጣል። ይህን የሚመለከት ጎረቤት ድርጊቱን እንደ ብልግና፣ እንደ ቅብጠት ወይም እንደ ክፉ መንፈስ ሥራ ሲቆጥረው፣ ወላጅ ደግሞ በኀፍረትና በድካም መካከል ሆኖ የሚያደርገው ይጠፋዋል። ከዚህም የተነሣ በርካታ ልጆች ከሰው ዓይን ተሸሽገው፣ በር ተዘግቶባቸው፣ አንዳንዶቹም ታስረው እንዲያድጉ ሆነዋል።

ይሁን እንጂ በዘርፉ ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት የተካሄዱ ጥናቶችና የተገኙ ልምዶች እንደሚያመለክቱት፣ አስቸጋሪ ከሚባሉት ድርጊቶች አብዛኛዎቹ ያለ ምክንያት የሚከሠቱ አይደሉም። ከመከሠታቸው በፊት የሚቀሰቅሳቸው ነገር አለ፤ እየቀረቡ ሲመጡ ምልክት ያሳያሉ፤ ከተከሠቱም በኋላ ለልጁ የሚያስገኙለት ነገር አለ። እነዚህን ሦስቱን የተረዳ ቤተሰብ ወይም መምህር እሳቱ ከተቀጣጠለ በኋላ ለማጥፋት ከመሯሯጥ ይልቅ፣ አበው “ሳይቃጠል በቅጠል” እንዲሉ፣ አስቀድሞ መከላከል ይቻለዋል። ለዚህም ዋነኛው መሣሪያ ሥርዓት ያለው፣ ልጁ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚችለው የቀን ውሎ ነው።

ሁኔታው ምንድን ነው?

ኦቲዝም ከአንጎል ዕድገት ጋር የተያያዘ፣ በልጅነት የሚጀምርና ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ሁኔታ ነው። በዋነኛነት የሚታወቀው ከሌሎች ጋር በመግባባትና በመቀራረብ ረገድ በሚታይ ልዩነት፣ እንዲሁም ተደጋጋሚ በሆኑ ድርጊቶችና በተወሰኑ ነገሮች ላይ በሚያተኩር ጠንካራ ፍላጎት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. የ2021 መረጃን መሠረት አድርጎ ባወጣው ግምት መሠረት በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም አለበት። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ደግሞ አዲስ ነገርን የመረዳት፣ የመማርና የዕለት ተዕለት ኑሮን ራስን ችሎ የመምራት አቅምን የሚነካ ሲሆን፣ ሁለቱ ሁኔታዎች በአንድ ሰው ላይ በአንድነት የሚገኙበት ጊዜ አለ።

ኦቲዝምን ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር ከገለጹት ሐኪሞች አንዱ የሆኑት ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተሙት ጽሑፍ የ11 ልጆችን ታሪክ አቅርበው ነበር። በልጆቹ ላይ ካስተዋሏቸው ዋና ዋና ነገሮች መካከል አንዱ ሁሉም ነገር እንደ ነበረ እንዲቀጥል የነበራቸው ብርቱ ፍላጎት ነው። የወንበር ቦታ መቀየር ወይም የመንገድ አቅጣጫ መለወጥ ልጆቹን ክፉኛ ያስጨንቃቸው ነበር። ይህ ፍላጎት ግትርነት ተደርጎ ቢታይም፣ በውስጡ ያለው ፍርሃት ነው። የሰዎችን ንግግር ለመከተልና ስሜታቸውን ለመገመት ለሚቸገር ልጅ ዓለም በየጊዜው ያልታሰበ ነገር የሚጥልበት ስፍራ ነው። ዛሬም እንደ ትናንቱ መሆኑ ለእንዲህ ያለው ልጅ መጠለያው ነው።

በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በምዕራቡ ዓለም ለኦቲዝም መንስኤው የእናት ፍቅር መቀዝቀዝ ነው የሚል አስተሳሰብ ሰፍኖ ነበር። ይህን አመለካከት በጽኑ ከተቃወሙት መካከል ራሳቸው የኦቲዝም ልጅ አባት የነበሩት የሥነ ልቦና ባለሙያ በርናርድ ሪምላንድ ይገኙበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ ሁኔታው ሥነ ሕይወታዊ መሠረት እንዳለው ተከራክረዋል። ዛሬ ኦቲዝም በአስተዳደግ ጉድለት የሚመጣ አለመሆኑ በሚገባ የተረጋገጠ ነው።

በአገራችንም ወላጅን የመውቀስ ልማድ ቀላል ጉዳት አላደረሰም። እ.ኤ.አ. በ2016 ለኅትመት የበቃና በአዲስ አበባ በሚገኙ የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች 102 ወላጆችንና አሳዳጊዎችን ያካተተ ጥናት፣ ከተጠያቂዎቹ መካከል ከ40 በመቶ የሚበልጡት በልጃቸው ሁኔታ ኀፍረት እንደሚሰማቸው መናገራቸውን አመልክቷል። ከፍተኛ ቁጥር ያላቸውም መንስኤውን ከመንፈስ ጋር ያያያዙት ሲሆን፣ በብዛት የጠቀሱት ያልተሟላ ፍላጎት ለልጃቸው የሚስማማ ትምህርት ነው።

ድርጊቱ ምን እያለ ነው?

አስቀድሞ የመከላከል አሠራር መነሻው አንድ ቀላል ጥያቄ ነው። “ይህን ልጅ እንዴት ላስቁመው?” ከሚለው በፊት “ልጁ በዚህ ድርጊት ምን እየነገረን ነው?” ብሎ መጠየቅን ይሻል። መናገር የማይችል ወይም በቃላት ስሜቱን ለመግለጽ የሚቸገር ሰው ድርጊቱ ቋንቋው ይሆናል።

ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት አንድ አስቸጋሪ ድርጊት ብዙውን ጊዜ ከአራት ጉዳዮች በአንዱ ወይም ከአንድ በሚበልጡት ምክንያት ይደጋገማል። የመጀመሪያው የሰውን ትኩረት ለማግኘት ነው። ሁለተኛው የሚፈልገውን ነገር፣ ለምሳሌ ምግብ ወይም መጫወቻ፣ ለማግኘት ነው። ሦስተኛው ከከበደው ወይም ካስፈራው ሁኔታ ለማምለጥ ነው። አራተኛው ደግሞ ከስሜት ሕዋሳት ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ድርጊቱ ራሱ ለልጁ የሚሰጠው ስሜት ወይም የሚያስታግስለት ጭንቀት አለ።

ለምሳሌ በምግብ ሰዓት ሳህኑን የሚወረውርን ልጅ እንመልከት። እናቱ ከሌሎች ጋር ስታወራ ትኩረቷን ለመሳብ ሊሆን ይችላል። የሚወደው ሌላ ምግብ እንዲቀርብለት ፈልጎም ይሆናል። የወጡ ሽታ ወይም የምግቡ ልስላሴ ስለሚረብሸው ከገበታው ለመራቅ የሚያደርገውም ሊሆን ይችላል። ሳህኑ ሲወድቅ የሚሰማው ድምፅ ደስ ስለሚለውም ይሆናል። ድርጊቱ አንድ ሆኖ ሳለ ምክንያቱ አራት ነው፤ መፍትሔውም እንዲሁ ይለያያል። ትኩረት የፈለገውን ልጅ ከገበታ ማስነሣት ሊያስተምረው ይችል ይሆናል፤ ከገበታው ማምለጥ የፈለገውን ልጅ ማስነሣት ግን የፈለገውን መስጠት ነው። ምክንያቱን ሳያውቁ መቅጣት ሳይመረምሩ መድኃኒት እንደ ማዘዝ የሚቆጠረውም ለዚህ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊጣራ የሚገባው የጤና ጉዳይ ነው። ድንገት የተጀመረ ወይም በአጭር ጊዜ የተባባሰ ድርጊት ከበስተጀርባው ሕመም ሊኖረው ይችላል። የጥርስ ሕመም፣ የጆሮ ቁስለት፣ የሆድ ድርቀት፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ በልጃገረዶችም የወር አበባ ሕመም መናገር የማይችለውን ሰው ራሱን እስከ መምታት ያደርሱታል። የሚጥል በሽታም ኦቲዝምና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው ሕዝብ በበለጠ ይታያል። በመሆኑም ጉንጩን ደጋግሞ የሚመታን ልጅ ከመገሠጽ በፊት አፉን ከፍቶ ማየትና ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል።

ማስታወሻ መያዝ

የጤና ጉዳይ ከተጣራ በኋላ ቀጣዩ እርምጃ ድርጊቱን በጥሞና መመዝገብ ነው። ለዚህ አንድ ደብተርና እርሳስ በቂ ነው። ገጹን በሦስት ዐምድ ከፍሎ በመጀመሪያው ከድርጊቱ በፊት የነበረውን፣ በሁለተኛው ድርጊቱን፣ በሦስተኛው ደግሞ ከድርጊቱ በኋላ የተከተለውን መጻፍ ያሻል። ሰዓቱ፣ ቦታውና አብረው የነበሩት ሰዎችም መጠቀስ ይኖርባቸዋል። “ልጁ አስቸገረ” ብሎ መጻፍ አይጠቅምም፤ “ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ የእህቱን ፀጉር ጎተተ፤ ከዚያም ቴሌቪዥኑ ተመልሶ ተከፈተለት” ተብሎ ሲጻፍ ግን ምክንያቱም ልማዱም በግልጽ ይታያል።

ማስታወሻው ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ያህል ከተያዘ በኋላ ሲገመገም ብዙውን ጊዜ ተደጋጋሚ መልክ ይወጣዋል። ጩኸቱ የሚበዛው ወደ ትምህርት ቤት መሄጃ ሰዓት ላይ ነው? ቡና ሲወቀጥና እንግዶች ሲሰበሰቡ ነው? ወይስ ምግብ በዘገየባቸው ቀናት? እንዲህ ያለው መልክ ከታወቀ ድርጊቱ የሚነሣበት ሰዓትና ሁኔታ አስቀድሞ ስለሚገመት ዝግጅት ማድረግ ይቻላል።

የሚታይ የቀን ውሎ

የዝግጅቱ ምሰሶ የተደራጀ የቀን ውሎ ነው። በዚህ ረገድ ሰፊ ተጽዕኖ ካሳደሩት መካከል በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና በኤሪክ ሾፕለር መሪነት እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው ቲች የተባለው ፕሮግራም ይገኝበታል። ፕሮግራሙ ሁለት መሠረታዊ ሐሳቦችን ይዞ ተነሣ። አንደኛው ወላጅ የችግሩ ምንጭ ሳይሆን የባለሙያው የሥራ አጋር ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ኦቲዝም ያለባቸው በርካታ ሰዎች ከሚሰሙት ይልቅ የሚያዩትን በተሻለ ስለሚረዱ፣ አካባቢያቸውና ጊዜያቸው በዓይን በሚታይ መንገድ ሊደራጅላቸው ይገባል የሚለው ነው።

የተነገረ ቃል በአየር ላይ ይጠፋል፤ የተሰቀለ ሥዕል ግን ልጁ በፈለገ ጊዜ ተመልሶ የሚያየው ነው። በመሆኑም የውሎ ሰሌዳ ማዘጋጀት ጠቃሚ ነው። ሰሌዳው ከካርቶን ሊሠራ ይችላል። በላዩ ላይ ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል የመነሣት፣ የመታጠብ፣ የቁርስ፣ የመልበስ፣ የትምህርት ቤት፣ የጨዋታ፣ የእራትና የመኝታ ሥዕሎች ይለጠፋሉ። ሥዕሉ በእጅ የተሣለ፣ በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ወይም ከመጽሔት የተቆረጠ ሊሆን ይችላል። ሥዕል መረዳት ለማይችል ልጅ ዕቃው ራሱ ያገለግላል፤ ፎጣ ለመታጠብ፣ ኩባያ ለቁርስ፣ ጫማ ከቤት ለመውጣት። ማንበብ ለሚችል ወጣት ደግሞ የተጻፈ ዝርዝር ይበቃዋል። እያንዳንዱ ተግባር ሲጠናቀቅ ሥዕሉን ልጁ ራሱ አንሥቶ “አለቀ” በተባለ ኪስ ወይም ሣጥን ውስጥ ይከተዋል። በዚህም ያለፈውን፣ አሁን ያለበትንና ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል።

ሰሌዳ ሲዘጋጅ ሊጤኑ የሚገባቸው ጥቂት ነጥቦች አሉ። ቀኑን በሙሉ በአንድ ጊዜ ከማሳየት ይልቅ ለጀማሪ ልጅ ሁለት ሥዕል ብቻ፣ ማለትም “መጀመሪያ ይህ፣ ከዚያ ያ” ብሎ ማሳየት ይመረጣል፤ ለምሳሌ መጀመሪያ መታጠብ፣ ከዚያ ኳስ። ከባድ ተግባር ከሚወደድ ተግባር በፊት ቢቀመጥ ልጁ የሚጠብቀው ደስታ ይኖረዋል። ቃል የተገባው ነገር ሁልጊዜ መፈጸም አለበት፤ ሰሌዳው አንድ ጊዜ ከዋሸ ልጁ አያምነውም። ውስብስብ ተግባርም ወደ ትናንሽ ደረጃዎች ሊከፋፈል ይገባል። እጅ መታጠብ ለእኛ አንድ ተግባር ይምሰል እንጂ ውሃ መቅዳት፣ እጅን ማራስ፣ ሳሙና መቀባት፣ ማሸት፣ ማለቅለቅና መጥረግ የተካተቱበት ነው። እያንዳንዱን ደረጃ ለየብቻው የተማረ ልጅ ቀስ በቀስ ሁሉንም አያይዞ ይሠራዋል።

ከአንዱ ተግባር ወደ ሌላው የሚደረገው ሽግግር ብዙ ግጭት የሚነሣበት ጊዜ ነው። ልጁን ከጨዋታ መሐል በድንገት ጎትቶ ከማስነሣት ይልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀር፣ ከዚያም አንድ ደቂቃ ሲቀር ምልክት መስጠት ይጠቅማል። ሰዓት ለማይገባው ልጅ እስከ ዐሥር መቁጠር፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አጭር ዜማ ማሰማት ወይም በስልክ የማንቂያ ድምፅ መጠቀም ይቻላል። ምልክቱ ለውጡ እየመጣ መሆኑን ያበሥራል፤ ልጁም ራሱን ያዘጋጃል።

ከመጮኽ የሚቀል መናገሪያ

ቅደም ተከተል ብቻውን አይበቃም። ልጁ በጩኸት የሚያገኘውን ነገር በሌላ፣ በተሻለና በቀለለ መንገድ ማግኘት እንዲችል ማስተማር ያስፈልጋል። ከሥራ ለማምለጥ ለሚጮኽ ልጅ “ልረፍ” የሚለውን በእጅ ምልክት ወይም በሥዕል ማሳየት ይማራል። ውሃ ሲጠማው ለሚያለቅሰው የኩባያ ሥዕል ይሰጠዋል። በዚህ ረገድ አንዲ ቦንዲና ሎሪ ፍሮስት እ.ኤ.አ. በ1985 የጀመሩት ሥዕልን በነገር የመለወጥ ዘዴ በበርካታ አገሮች ይሠራበታል፤ ልጁ የፈለገውን ነገር ሥዕል አንሥቶ ለሰው በእጁ ይሰጣል፣ በምትኩም ነገሩን ያገኛል። እዚህ ላይ ሊታወቅ የሚገባው፣ ሥዕል ወይም ምልክት መጠቀም ልጁ ንግግር እንዳይማር ያደርገዋል የሚለው ሥጋት መሠረት የሌለው መሆኑ ነው።

አዲሱ መንገድ ከአሮጌው ይበልጥ ፈጥኖ ውጤት ማስገኘት ይኖርበታል። ልጁ “ልረፍ” የሚለውን ሥዕል ሰጥቶ የሚሰማው ካጣ፣ ሲጮኽ ግን ሁሉም የሚሯሯጥለት ከሆነ የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። በተጨማሪም ቀድሞ በጩኸት ያገኘው የነበረው ነገር ሲከለከል ድርጊቱ ከመቀነሱ በፊት ለጥቂት ጊዜ ሊባባስ እንደሚችል ቤተሰቡ ማወቅ አለበት። በዚህ ጊዜ እናት ጸንታ አያት ቢያዝኑለትና ቢሰጡት፣ ልጁ የሚማረው ይበልጥ መጮኽ እንደሚያዋጣ ነው። ስለዚህ አባት፣ እናት፣ አያት፣ ታላላቅ ልጆችና የቤት ሠራተኛ በአንድ አሠራር ላይ መስማማታቸው ወሳኝ ነው።

ምስጋናም የራሱ ሥርዓት አለው። “ጎበዝ” ብሎ ማለፍ ጥሩ ቢሆንም፣ “ጫማህን ራስህ አደረግህ፣ ጎበዝ” ማለት ልጁ የተመሰገነበትን ነገር ያሳውቀዋል። ምርጫ መስጠትም እንዲሁ ነው። “ቀዩን ሹራብ ወይስ ሰማያዊውን?” ተብሎ የተጠየቀ ልጅ ስለ ኑሮው የሚወስነው ነገር እንዳለ ይገነዘባል፤ በሁሉም ነገር የታዘዘ ሰው ግን እምቢታውን የሚገልጽበት መንገድ አንድ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ለበዓል፣ ለጾምና ለመብራት መጥፋት መዘጋጀት

በአገራችን ሁኔታ አስቀድሞ ሊታሰብባቸው የሚገቡ ለውጦች አሉ። በዓል ሲቃረብ ቤቱ ይለወጣል፤ ዕቃ ይነሣል፣ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ በግ ይታረዳል፣ ዘመድ አዝማድ ይሰበሰባል፣ ድምፅና ጭስ ይበዛል። ለሌላው ደስታ የሆነው ይህ ሁሉ ለልጁ ሸክም ሊሆንበት ይችላል። ከበዓሉ ቀናት አስቀድሞ በሰሌዳው ላይ የበዓሉን ሥዕል መለጠፍና በየቀኑ ማሳየት፣ ልጁ ሲጨንቀው የሚገባበት ጸጥ ያለ ጥግ ማዘጋጀት፣ ለእንግዶችም ልጁን በግድ እንዳይስሙት በትሕትና መንገር ችግሩን ያቃልላል።

በዐቢይ ጾም ወተትና እንቁላል ከቤቱ ማዕድ ሲጠፉ፣ በረመዳን ደግሞ የቤተሰቡ የምግብ ሰዓት ወደ ምሽት ሲዛወር፣ የሚበላቸው ምግቦች ጥቂት ለሆኑበትና በሰዓቱ መብላት ለለመደ ልጅ ነገሩ አይገባውም። የልጁ ምግብና የምግብ ሰዓት በተቻለ መጠን ሳይለወጥ እንዲቀጥል ማድረግ ተገቢ ነው። ትምህርት ቤት በክረምት ሲዘጋም የጠዋቱ መነሻ፣ የመታጠቢያና የቁርስ ሰዓት እንዳለ ሆኖ የትምህርት ቤቱ ቦታ በቤት ውስጥ ተግባር ሊተካ ይችላል፤ ምስር መልቀም፣ ልብስ ማጠፍ ወይም አትክልት ውሃ ማጠጣት ለዚህ ያገለግላሉ።

መብራት ለሚጠፋበት ጊዜ ደግሞ “መብራት ጠፋ” የሚል ሥዕልና ከእርሱ ጋር ብቻ የሚወጣ መጫወቻ ወይም የእጅ ባትሪ የያዘ ሣጥን ማዘጋጀት ይቻላል። ያልታሰበው ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ምላሽ ሲኖረው እርሱም ራሱ ልማድ ይሆናል።

ሁሉም ዝግጅት ተደርጎ ድርጊቱ የሚከሠትበት ጊዜ መኖሩ አይቀርም። በዚህ ጊዜ ተቀዳሚው ጉዳይ ደኅንነት ነው። ስለታም ነገርና ሌሎች ልጆች ከአካባቢው ይርቃሉ፤ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ ቃላት ያጥራሉ፤ የሚከብ ሰው ይበተናል። በቁጣ የጋለ አእምሮ ምክር አይሰማምና ትምህርቱ ልጁ ከተረጋጋ በኋላ ይሁን። ዱላ ለጊዜው ጸጥታ ቢያስገኝም የድርጊቱን ምክንያት አያስወግድም፤ ፍርሃትን ይጨምራል፣ ጠንካራው ደካማውን መምታት እንደሚችልም ያስተምራል። ማሰርና መዝጋት ደግሞ አካልን ከመጉዳቱም በላይ ልጁ የሚማርበትን ዕድል ሁሉ ይነሣዋል። ራሱን ወይም ሌላውን ክፉኛ የሚጎዳ ሰው ባለበት ቤት ያለ ባለሙያ እርዳታ መቀጠል እንደማይገባም መታወቅ አለበት።

ልማዱ አጥር እንዳይሆን

የተደራጀ ውሎ ዓላማው ሰውን በአንድ ቦታ አስሮ ማስቀረት አይደለም። ልጁ ከተረጋጋ በኋላ ትናንሽ ለውጦችን እያቀዱ ማስለመድ ያስፈልጋል። በሰሌዳው ላይ “ለውጥ” የሚል አንድ ሥዕል በማስገባት መጀመሪያ ደስ የሚያሰኝ ለውጥ፣ ለምሳሌ በጥናት ፈንታ ሽርሽር፣ ቀጥሎም እምብዛም የማያስደስት ለውጥ ይለማመዳል። በዚህ መንገድ ዛሬ በር ላይ ብቻ መቆም የቻለ ልጅ ነገ እስከ ሱቅ፣ ከነገ ወዲያ በታክሲ እስከ ዘመድ ቤት ሊደርስ ይችላል።

ልጆች ያድጋሉ። ወጣት ወይም ጎልማሳ የሆነን ሰው እንደ ሕፃን ማዘዝ ክብሩን ይነካል። ስለ ቀኑ፣ ስለ ልብሱ፣ ስለ ሥራውና አብሮት ስለሚውለው ሰው እርሱ ራሱ ሊጠየቅ ይገባል። ምንም ጉዳት የማያደርስ ልማድ፣ ለምሳሌ እጅን ማወዛወዝ ወይም አንድን ነገር ደጋግሞ መደርደር፣ ሰው ስለሚያይ ብቻ መታገድ የለበትም። ሊለወጥ የሚገባው ጉዳት የሚያደርሰው ወይም ሰውየውን ከትምህርት፣ ከሥራና ከማኅበራዊ ኑሮ የሚያርቀው ድርጊት ነው።

የተጀመሩ ጥረቶች

በኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ፈር ከቀደዱት መካከል ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ተጠቃሽ ናቸው። የኦቲዝም ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቁመዋል። የፊደላትን ድምፅ መሠረት ያደረገና “አቡጊዳ ፎኔቲክስ” በመባል የሚታወቅ የማስተማሪያ ዘዴም አበርክተዋል። ስለ ኦቲዝም በአደባባይ መናገር ባልተለመደበት ጊዜ የራሳቸውን ልጅ ታሪክ በመንገር የብዙ ወላጆችን አፍ ያስከፈቱት እኚህ እናት እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ከእርሳቸው በኋላም በወላጆች የተቋቋሙ ሌሎች ማዕከላት ሥራ ጀምረዋል።

ማዕከላቱ በአብዛኛው በመዲናዋ የሚገኙ በመሆናቸው ግን በገጠር ለሚኖረው ቤተሰብ ሩቅ ናቸው። ይህን ክፍተት ለመሙላት ተስፋ ከተጣለባቸው አማራጮች አንዱ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአሳዳጊዎች የክህሎት ሥልጠና ነው። ሥልጠናው ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 9 ዓመት የሆኑ የዕድገት መዘግየት ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ ወላጆችን የሚመለከት ሲሆን፣ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባዎችንና ሦስት የቤት ለቤት ጉብኝቶችን ያካትታል። ልጅን በጨዋታና በቤት ውስጥ ተግባር ማሳተፍ፣ መግባባትን ማስተማር፣ አስቸጋሪ ድርጊትን አስቀድሞ መከላከልና የአሳዳጊውን የራሱን ጤንነት መጠበቅ ከይዘቶቹ መካከል ናቸው። ሥልጠናው በኢትዮጵያ ሁኔታ ተቃኝቶ በአዲስ አበባና በቡታጅራ አካባቢ ተሞክሯል። ጠቀሜታው በቂ ልዩ ሐኪም በሌለበት ስፍራ ልዩ ባለሙያ ያልሆኑ ሰዎች ሠልጥነው ሊሰጡት መቻላቸው ነው።

የአሳዳጊው ጤንነት በሥልጠናው ውስጥ መካተቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ሌሊቱን ያልተኛች፣ ሥራዋን የተወችና ከዕድር ከማኅበር የራቀች እናት የቱንም ያህል ብትመከር ሰሌዳ ለማዘጋጀት አቅም ያጥራታል። በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት ልጇን የሚጠብቅላት ዘመድ ወይም ጎረቤት ለልጁም ለእርሷም ትልቅ እርዳታ ያደርጋል።

የሕግ ማዕቀፉም በዚህ ረገድ ግልጽ አቅጣጫ ይሰጣል። የኢፌዲሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ አካላቸውን ከሚጎዳ ወይም ከጭካኔ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች ድጋፍ እንደሚሰጥ ተመልክቷል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀች ሲሆን፣ ስምምነቱ እያንዳንዱ ሰው በማኅበረሰቡ ውስጥ የመኖርና የሚያስፈልገውን ድጋፍ የማግኘት መብት እንዳለው ያረጋግጣል።

ይሁንና ሕጉ በየቤቱ በር የሚደርሰው በሰዎች ተግባር ነው። መምህሩ በክፍሉ ግድግዳ ላይ የዕለቱን ቅደም ተከተል ቢሰቅል የሚጠቀመው ኦቲዝም ያለበት ተማሪ ብቻ ሳይሆን ክፍሉ በሙሉ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በቤት ለቤት ጉብኝቷ የተሸሸገ ልጅ ስታገኝ ቤተሰቡን ከመውቀስ ይልቅ ወደ ጤና ተቋም ብትመራው የአንድ ሰው ሕይወት ይለወጣል። የሃይማኖት አባቶችም ሁኔታው እርግማን አለመሆኑን ቢያስተምሩ ቃላቸው ከማንም ይልቅ ይሰማል።

ለወላጅ የሚመከረው የመጀመሪያ እርምጃም ትንሽ ነው። ከቀኑ ውስጥ እጅግ አስቸጋሪ የሆነውን አንድ ሰዓት መርጦ፣ ለሁለት ሳምንት በደብተር መዝግቦ፣ ለዚያች ሰዓት ብቻ ሦስት ወይም አራት ሥዕሎች ያሉት ሰሌዳ ማዘጋጀት ነው። ያች ሰዓት ስትረጋጋ ወደ ቀጣዩ መሸጋገር ይቻላል። ለውጡ በአንድ ጀምበር የሚመጣ ባይሆንም፣ ነገ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ልጅ ዛሬ በጸጥታ የመተኛት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ቤተሰቡም እንዲሁ።